ጋሼ በቃላቸው የያዙት ቁጥር

ነገሌ ቦረና ውስጥ ጂፒኤስ ይዞ ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ የሚዞር ሰው ወርቅ ነው የሚፈልገው። ሌላ ምክንያት ቢሰጥ የሚያምነው የለም። "የውሃ ጉድጓድ ነው የምመዘግበው" ብዬ ስንቱን ለማስረዳት ደከምኩ! "እሺ እሺ፣ ገብቶናል" ይሉኝና ትንሽ ቆይተው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ለመሆኑ ወጣ?" ይሉኛል። ወርቅ የሚወጣበት ሻኪሶ ሩቅ አይደለምና አልፈርድባቸውም። እሑድ እሑድ የምንሠራውን ቢያውቁ ግን ወርቁ ቀርቶ አብደዋል ባሉን ነበር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ጣሳ እንፈልግ ነበር።

ነገሩን ያመጣብን መሥሪያ ቤታችን ለአጭር ጊዜ መጥቶ የነበረ አንድ ፈረንጅ ነው። በአገሩ ሰዎች ትንሽ ዕቃ ጫካ ውስጥ ወይም ድልድይ ሥር ይደብቁና የቦታውን ቁጥር ለሌላ ሰው ይሰጣሉ፤ ያኛው ቁጥሩን ጂፒኤሱ ላይ ሞልቶ ሄዶ ይፈልጋል። ያገኘ ሰው ከውስጡ አንድ ነገር ይወስድና በምትኩ ሌላ አስቀምጦ ይመለሳል። "በቃ?" አልኩት። "በቃ" አለኝ። "ታዲያ ለዚህ ነው ሰው እግሩን የሚሰብረው?" ብዬ ሳቅሁበት። ሰውየው አገሩ ገባ፤ ጨዋታው ግን እኛ ላይ ቀረ። ሦስት ነበርን፤ እኔ፣ አባቱ ነገሌ ገበያ ሱቅ ያላቸው የጉራጌ ልጅ የሆነው ሾፌራችን፣ እና በኦሮምኛ የሚያግዘን የቦረና ተወላጅ ባልደረባችን። ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ እንወስድና ውስጡ ክብሪት፣ ሻማ፣ ካራሜላ ከትተን ኩይሳ ሥር ወይም ግራር ሥር እንደብቃለን። ሾፌሩ አንድ ጊዜ አንድ እግር ካልሲ ብቻ ከትቶ አገኘሁት። "ሁለተኛውን የሚቀጥለው ጣሳ ውስጥ ታገኚዋለሽ" አለኝ፣ የማያፍር። በመሐል እረኞች ያገኙንና ባልደረባችን "አካም፣ ናጋ?" እያለ ሰላምታውን ሲያረዝም፣ እኛ ጣሳውን ከኋላችን ደብቀን እንደ ሌባ ቆመን እንጠብቃለን። ሳቃችን አያልቅም ነበር።

ይህን ጨዋታ ያነሳሁት የእናቴ ነገር ከሱ ጋር ስለተያያዘ ነው። የእናቴ ነገር ደግሞ የሚያስቅ አይደለም።

እናቴ የወታደር ሚስት ናት። አባቴን ተከትላ ከጎጃም ነገሌ ወረደች፤ እኔንም የጦር ሰፈሩ አጥር ሥር ባለች ቤት ወለደችኝ። ደርግ የወደቀ ጊዜ ጦሩ ሲበተን አባቴ ከጓደኞቹ ጋር በእግሩ ወደ ኬንያ ድንበር ወጣ። ወባ ላዩ ላይ ነበር። እናቴ ያልተከተለችው እኔን ኩፍኝ ይዞኝ ስለነበር ነው። "ልጅቷ ትዳን፣ ሰው እልክብሻለሁ" ብሏት ሄደ። ሊበን ሜዳ ላይ፣ ገና ብዙም ሳይርቅ ሞተ። የአባቴን መልክ አስታውሳለሁ እላለሁ፤ ግን ፎቶው ይሁን ራሱ እርግጠኛ አይደለሁም።

የቀበሩት አብረውት የነበሩ አንድ ጓደኛው ናቸው። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። ከስደተኛ ካምፕ ወደ ነገሌ የተመለሱ ዕለት ወደ ራሳቸው ዘመድ እንኳ ሳይሄዱ በቀጥታ እኛ ቤት መጡ። መርዶውን ለእናቴ የነገሯት እሳቸው ናቸው። ከልቅሶው በኋላ ነገሩን አንድ በአንድ አስረዷት፤ እኔም ከበሩ ጥግ ቆሜ ሰማሁ።

"መቆፈሪያ አልነበረንም፣ እታለም። በሣንጃና በቆርቆሮ ነው የጫርነው። ጥልቅ አይደለም፤ አልዋሽሽም። ጅብ እንዳያወጣው ፈራሁ። ወረድ ብሎ ደረቅ ወንዝ ነበር፤ ከዚያ ድንጋይ እየተሸከምኩ ጫንኩበት። እነሱ 'ተወው፣ እንሂድ' እያሉ ይጮሁብኛል። እኔ ግን አልተውኩትም።"

ጋሼ መድፈኛ ነበሩ። ሥራቸው ካርታ ማንበብ፣ የመድፉ ጥይት የት እንደሚያርፍ በቁጥር መናገር ነው። አባቴን ቀብረው ሲጨርሱ ካርታቸውን መሬት ላይ ዘርግተው የመቃብሩን ቁጥር አነበቡ። ድንበር ከመድረሳቸው በፊት ካርታው ከሌላው ወረቀት ሁሉ ጋር ተቃጠለ። ቁጥሩን ግን በቃላቸው ያዙት፤ ካምፕ ውስጥ በነበሩበት ዘመን ሁሉ እንዳይጠፋባቸው ጠዋት ጠዋት ይደግሙት ነበር።

እናቴ የፈለገችው አንድ ነገር ነው። አጽሙ ከሜዳ ተነስቶ ቤተ ክርስቲያን ግቢ እንዲያርፍ፣ እሷም ስትሞት ከጎኑ እንድትገባ። ዘመዶቿ ከጎጃም እየላኩ "ነይ እንጂ፣ ምን ቀረሽ እዚያ በረሃ?" ቢሏት "እሱን ሜዳ ላይ ጥዬ?" ትል ነበር። ነጭ አቡጀዲ ገዝታ፣ አጥባ፣ አጥፋ ሣጥኗ ውስጥ አስቀመጠችለት። አጽሙ የሚጠቀለልበት ነው። በዓመት አንድ ጊዜ አውጥታ ፀሐይ ታስመታዋለች፤ ያን ቀን ቤታችን ውስጥ ድምፅ ከፍ አድርጎ የሚያወራ የለም።

ጋሼ እንደተመለሱ ሰሞን ሁለቱ ቦታውን ሊፈልጉ አይሱዙ ላይ ተሳፍረው ወጥተው ነበር። አላገኙትም። ጋሼ የሚያውቁት ሊበን ሣር ብቻ የሆነ ሜዳ ነበር፤ ያገኙት እሾህ ነው። መንገዱም ያው መንገድ አልነበረም፤ የጭነት መኪናዎች ጭቃ እየሸሹ ሌላ መንገድ አውጥተዋል። "ሜዳ ነበር እኮ!" እያሉ እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ ትላለች እናቴ። ቁጥሩ በቃላቸው አለ፤ ካርታ ግን የለም። ለደርግ ወታደር የጦር ካርታ ማን ይሰጣል?

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡ እኛ ቤት ይመጣሉ። እናቴ እህል ውሃ ታቀርብላቸውና "እስቲ ቁጥሯን በላት፣ ወንድሜ" ትላቸዋለች። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ቁጥሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይወጡታል። እሷ ራሷን ትነቀንቃለች። ሌላ ሰው ቢያያቸው ምን ነካቸው ይል ነበር። እኔ ግን ውዳሴ ማርያም ሳላውቅ ያን ቁጥር አወቅሁት።

እንግዲህ ሥራ ይዤ ጂፒኤሱን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ቤት ያመጣሁ ቀን ጋሼ ተቀምጠው ነበር። ምን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ተቀብለውኝ አገላብጠው አዩት። ከዚያ በጣም ቀስ ብለው "ይቺ ነገር ቁጥር ትቀበላለች?" አሉኝ።

"ትቀበላለች።"

"ተቀብላ ደግሞ ትወስዳለች?"

"ትወስዳለች፣ ጋሼ።"

እናቴ የያዘችው ሰሃን ከእጇ ወደቀ።

አለቃዬን ለምኜ መኪናውን ለአንድ ቀን ፈቀደልኝ። ሾፌሩ ነዳ፤ እናቴ አቡጀዲውን ጭኗ ላይ አድርጋ ከፊት ተቀመጠች። ጋሼ ከኋላ ከኔ ጋር ናቸው፤ ተላጭተዋል፣ ያችን የክት ኮታቸውን ለብሰዋል። ቁጥሩን እሳቸው እየጠሩልኝ እኔ ሞላሁት። ቀስቷ ወደ ደቡብ ጠቆመች። ከአስፋልቱ ወጥተን፣ ከመኪና መንገዱም ወጥተን፣ እሾሁ መኪናውን አላሳልፍ ሲል በእግር ሄድን። ሜትሩ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ፣ መሣሪያዋ "ደርሰሻል" አለች።

አንድ ኩይሳና ከጥቂት እርምጃ በላይ የማያሳይ እሾህ ነበር፤ ሌላ ምንም የለም።

ጋሼ ዙሪያውን ዞሩ። ጎንበስ ብለው በእጃቸው ሣሩን ገላለጡ። "ድንጋይ" ይላሉ ለራሳቸው፣ "ድንጋይ መኖር አለበት።" እናቴ "ቆፍሩ" አለች። ሾፌሩና ጋሼ እየተቀባበሉ ቆፈሩ። መሬቱ እጅ ነክቶት የማያውቅ ደረቅ መሬት ነበር። እኔ ደሜ ፈላ፤ ሲበዛ ቁጡ ነኝ። "ጋሼ፣ መሣሪያው እኮ አይሳሳትም፤ ቁጥሩን እርግጠኛ ነዎት?" አልኳቸው። ላባቸውን ጠርገው መቆፈራቸውን ቀጠሉ።

እናቴ የተቆፈረውን ባዶ ጉድጓድ ብዙ አየችውና "ወንድሜ፣ በእውነት ቀብረኸዋል?" አለች።

"ቀብሬዋለሁ።"

"ድንጋይ ጭነህበታል?"

"ጭኜበታለሁ፣ እታለም።"

"ታዲያ ሬሳውን ጅብ ወሰደው እንበል፤ ድንጋዩንስ ጅብ ይበላል?"

ጋሼ አካፋውን ከመሬት አንስተው ወደ መኪናው አመሩ።

እናቴ ሰው ስትቀየም አትሳደብም። አንቱ ትላለች። በሚቀጥለው እሑድ ጋሼ ሲመጡ "ይግቡ፣ ይቀመጡ" አለቻቸው። በነዚያ ዓመታት ሁሉ "አንተ ወንድሜ" ስትላቸው የኖረች ሴት! ጋሼ ወንበሩ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። "እታለም፣ ያኔ እኔንም ትኩሳት ይዞኝ ነበር፤ ከካርታው ላይ ተሳስቼ አንብቤው ይሆናል" አሉ። እሷም "ይሆናል፣ ማን ያውቃል" አለቻቸው። ቁጥሩን "በላት" አላለቻቸውም። ከዚያ ወዲያ መምጣቱን አሳሱት፤ በመጨረሻም ፊልቱ ከተማ የአንድ ከብት ነጋዴ መጋዘን የመጠበቅ ሥራ አግኝተው ከነገሌ ወጡ። አልተሰናበቱንም።

"ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል" አለችኝ እናቴ መሄዳቸውን ስትሰማ። የምታስበው ግልጽ ነው። ጓደኞቹ "እንሂድ" ሲሉ ጋሼም ሄደዋል፤ አባቴን ሜዳ ላይ እንዳለ ጥለውት። ድንጋዩን፣ ወንዙን፣ ቁጥሩን በኋላ የጨመሩት ከኀፍረት ነው። እኔ ያን ያህል አላመንኩም፤ ግን ምን ብዬ ልሟገት? ጉድጓዱን አብሬ አይቻለሁ። ሽማግሌ ልኬ ላስታርቃችሁ ብላት ተቆጣች። "በአገሬ ያጠፋ ሰው ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ ነው ይቅርታ የሚለምን። ድንጋይ አውቃለሁ አይደል የሚሉት? ይሸከሙና ይምጡ!" ብላ ፊቷን አዞረች። አቡጀዲውን ፀሐይ ማስመታቷንም ተወች። እኔን ያስፈራኝ ይሄኛው ነው፤ እናቴ ያን ጨርቅ ከተወች ጠዋት ጠዋት ለምን ብላ ነው የምትነሳው?

ጣሳ ፍለጋው በነዚህ ወራት አልቆመም፤ ቤት መዋል ስለከበደኝ እንዲያውም ባሰብኝ። አንድ እሑድ የቦረናው ባልደረባችን ከተልተሌ ሥራ ውሎ አድሮ በተመለሰ ማግስት "ጣሳ ደብቄያለሁ፣ ኑ" አለን። ቁጥሩን ሰጠን። መሣሪያዬ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ገደል አፋፍ ወሰደችን። ፈለግን። ቁጥቋጦ ሳይቀረን ዳበስን። እሾህ እጄን ቦጫጨረኝ። ምንም የለም።

"ዛሬስ ለየልህ!" አለው ሾፌሩ። "ጣሳውን ትተህ ካራሜላውን ቤትህ በላኸው።"

"ዋቃ ያውቃል፣ እዚሁ ነው ያደረግኩት።"

"ውሸታም! እዚሁ የቱ ጋ?"

"ኑ እንግዲህ" አለና ጂፒኤሱን ሳያይ ዝም ብሎ ወደ ሰሜን ሄደ። ተከተልነው። ሁለት መቶ ሜትር ያህል ሄዶ አንድ ግራር ሥር እጁን ሰደደና ጣሳውን አወጣ። ሾፌሩ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ። እኔ ግን ነገሩ ከነከነኝና ሁለቱን መሣሪያዎች አንድ ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። አንድ ቦታ ላይ ሆነው ሁለት የተለያየ ቁጥር ይነግሩናል። "ያንተው ተበላሽቷል" አልኩት።

"አልተበላሸም" አለኝ። "ተልተሌ የድሮ ካርታ ሰጥተውኝ በሱ ላይ ያሉትን ጉድጓዶች ነበር የምፈልገው። ካርታው እንዲገጥምልኝ ብዬ ልኩን ቀይሬው ነበር፤ መመለሱን ረሳሁት።"

ጂፒኤስ ውስጥ ማንም የማይነካው አንድ ቦታ አለ። መሬትን በየትኛው ልክ ልለካ ብሎ የሚጠይቅ ነው። ዳተም ይሉታል። የሳተላይቱ ልክ ሌላ ነው፤ የድሮዎቹ የኢትዮጵያ ካርታዎች የተሠሩበት ልክ ሌላ። ያው አንድ ቁጥር በአንደኛው ልክ እዚህ ያርፋል፣ በሌላኛው ልክ እዚያ፤ በመሐሉ ሁለት መቶ ሜትር አለ። ስልጠና ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነግረውን አልፈዋል። እኛ የምንመዘግበው አዲስ ጉድጓድ ስለሆነ ለምንም አስፈልጎን አያውቅም ነበር።

ባልደረባችን እያወራ ነው፤ እኔ አልሰማውም። የድሮ ካርታ። ጋሼ ቁጥሩን ያነበቡት ከድሮ ካርታ ነው።

"ምነው፣ አመመሽ?" አለኝ ሾፌሩ። ሳላውቀው መሬት ላይ ተቀምጬ ነበር። "ጋሼ" አልኩት፤ "የጋሼ ካርታ።" ሾፌሩ አብሮ የቆፈረ ሰው ነው፤ ወዲያው ገባው። ሳቁ ከፊቱ ጠፋ።

እኔ በዚያው እግሬ ወደ እናቴ ልሮጥ ነበር። ሾፌሩ ነው የያዘኝ። "ሁለተኛ ባዶ ጉድጓድ ብታሳዪያት ትሞትብሻለች። መጀመሪያ እኛ እንይ" አለኝ። ልክ ነው። የመሣሪያዬን ልክ ወደ ድሮው ካርታ ቀየርኩና ያን በልጅነቴ ያወቅሁትን ቁጥር ሞላሁት። ሁለት ጊዜ ተሳስቼ እንደገና ሞላሁት። በሚቀጥለው ቀን ሥራችንን ጨርሰን ስንመለስ ወደ ሊበን ታጠፍን። የቆፈርነው ጉድጓድ በኩል አለፍን፤ ዝናብ ግማሹን ደፍኖታል። ቀስቷ ወደ ሰሜን፣ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ሳበችን። ሌላ እሾህ፣ ሌላ እሾህ። ከዚያ መሬቱ ወረድ ማለት ጀመረ፤ ከታች የደረቅ ወንዝ አሸዋ ነጭ ሆኖ ታየኝ።

ወንዙን ሳይ ማልቀስ ጀመርኩ። ገና ድንጋዩን አላየሁም እኮ!

ድንጋዩ አንድ ትልቅ እሾህ ዛፍ ሥር ነበር። ዛፉ ያኔ አልነበረም ይሆናል፤ ከአጠገቡ በቅሎ አድጎ ጥላ ሠርቶለታል። ድንጋዮቹ የወንዝ ድንጋይ ናቸው፣ ክብ ክብ፣ ከዚያ ሜዳ አፈር ጋር የማይመሳሰሉ። አንድ ሰው የሚያህል ርዝመት ይዘው ተደርድረዋል። የአካባቢው እረኞች መቃብር መሆኑን አውቀው አንድም አላነሱበት፣ ከብቶቻቸውንም አላስረገጡት። ጅብ አልነካውም። ሁሉም ጋሼ እንዳሉት ነው። ሾፌሩ ኮፍያውን አወለቀ። "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" አለ፤ ያን ቀን አልቀለደም።

ለእናቴ አልነገርኳትም። መጀመሪያ ጋሼ መምጣት አለባቸው ብዬ ቆረጥኩ። ፈቃድ ወስጄ ፊልቱ ሄድኩ። የመጋዘኑ በር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከስተዋል፤ ኮታቸው ትከሻቸው ላይ ሰፍቶባቸዋል። ሲያዩኝ ብድግ አሉና "እናትሽ ደኅና?" አሉኝ፣ ሞታለች ብዬ እንዳልነግራቸው ፈርተው።

"ደኅና ናት። ጋሼ፣ ልወስድዎት ነው የመጣሁ።"

"እኔ ነገሌ ምን አለኝ? ደግሞ ቁጥሩን ትቼዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ይመጣል፤ ሲመጣ ሌላ ነገር አስባለሁ።"

"ቁጥሩ ትክክል ነው።"

የካርታውን ነገር አስረዳኋቸው። መድፈኛ ናቸውና ብዙ አላደከሙኝም፤ "የካርታው ልክ" ስላቸው እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አደረጉ። "ድንጋዩን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ክብ ክብ የወንዝ ድንጋይ ነው" አልኳቸው። በዚያ ዕድሜያቸው መጋዘኑ ግድግዳ ላይ ተደግፈው እንደ ሕፃን አለቀሱ። "እኔ እኮ፣" አሉኝ ድምፃቸው ሲመለስላቸው፣ "እኔ ራሴ ተጠራጥሬ ነበር። ቀብሬው ይሆን ወይስ እንደቀበርኩት አልሜ ነው እያልኩ። ሌሊት ሌሊት እጄን አየዋለሁ።" ከዚህ የበለጠ የመረረኝ ነገር በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ሰው እውነቱን በአደራ ጠብቆ ኖሮ በመጨረሻ በራሱ እጅ ላይ ይጠራጠር?

የሄድነው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ጋሼ እኛ ቤት ሲደርሱ ከመኪናው አልወርድም አሉ። እናቴ ወደ በሩ ወጥታ አየቻቸውና "እንደምን ሰነበቱ" አለች፤ ፊቷ አልተፈታም። የንስሐ አባቷም አብረውን ነበሩ፤ ቀድሜ ነግሬ አስመጥቻቸዋለሁ። ቄሱን ስታይ ደነገጠች።

"ምንድን ነው? የት ነው?"

"ሊበን ነው፣ እማዬ።"

"አልሄድም። ሁለተኛ ባዶ ጉድጓድ አላይም፣ በሞቴ!"

"ድንጋዩን አይቼዋለሁ" አልኳት። "ጅብ አልበላውም።"

እናቴ ወደ ውስጥ ገባች። የሣጥኑ ክዳን ሲከፈት ሰማሁ። አቡጀዲውን በነጠላዋ ሥር ይዛ ወጣች፤ መኪናው ውስጥ ገብታ ከፊት ተቀመጠች። መንገዱን ሙሉ ጋሼ ወዳሉበት ወደ ኋላ አልዞረችም።

ዛፉ ሥር ስንደርስ እናቴ ብቻዋን ቀደመች። ድንጋዮቹን ከራስጌ እስከ ግርጌ ዞረች። ተንበርክካ አንዱን በመዳፏ ዳሰሰችው፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለውን፣ ከዚያም ቀጥሎ ያለውን። አላለቀሰችም። እኔ ትጮኻለች፣ ፊቷን ትነጫለች ብዬ ፈርቼ ነበር። ቀና ብላ ወደ ታች ወንዙን አየች። ከወንዙ እስከ ዛፉ ያለውን ዳገት በዓይኗ ወጣችው፤ እንደገና ድንጋዮቹን አየች። ትኩሳት የያዘው ሰው ይህን ሁሉ ተሸክሞ እንዴት እንደወጣው የምታሰላ ይመስለኛል። ጋሼ ሩቅ ቆመዋል፤ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው መሬት መሬት ያያሉ።

እናቴ ነጠላዋን አወረደችና ከድንጋዮቹ ትልቁን አንድ አቀፈች። "እማዬ፣ ምን ሆነሻል!" ብዬ ልሮጥ ስል የንስሐ አባቷ በክንዳቸው አገዱኝ። "ተያት" አሉኝ። ጎንበስ ብላ ድንጋዩን ማጅራቷ ላይ ጫነችው። በሁለት እጇ ደግፋ፣ ወገቧ ተቆልምሞ፣ እግሯ እየተንገዳገደ፣ እሾሁን እየረገጠች ወደ ጋሼ ሄደች። እግራቸው ሥር ስትደርስ ተንበረከከች።

"ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ" አለች። "አንተ ተሸክመህ ኖረህ እኔ ውሸታም አልኩህ።"

ጋሼ ባርኔጣቸው ከእጃቸው ወደቀ። "ኧረ በማርያም! ኧረ ተይ እታለም!" እያሉ ድንጋዩን ለመያዝ ጎነበሱ፤ እሷ ግን አልለቀቀችም። በአገሯ ደንብ የተበደለው ሰው ቃሉን ሳይሰጥ ድንጋይ አይወርድም።

"ይቅር ብያለሁ" አሉ ጋሼ። "ይቅር ለእግዚአብሔር። በይ አውርጂው፣ እህቴ። ከባድ ነው እሱ፤ እኔ አውቀዋለሁ።"

ከማጅራቷ ላይ በሁለት እጃቸው አነሱላት። ከዚያ ደግፈዋት ወደ ዛፉ ሄዱ፤ ጎን ለጎን ተንበርክከው የቀሩትን ድንጋዮች አንድ በአንድ ማንሳት ጀመሩ። ሾፌሩ አካፋውን ይዞ ሲጠጋ እናቴ "ቆይ አንተ፣ ተወን" አለችው። እኛም ቆመን ጠበቅናቸው።